ቦርሳ በአጥናፉ ደጅ

ባንኮች ለቦርሳ ማስመጫ ዶላር አንሰጥም ያሉ ዕለት፣ የፒያሳ ነጋዴ ሁሉ ፊቱን ሲያጠቁር ረይሀና አቡበከር ብቻዋን ሳቀች።

ወሬውን ያመጣችላት ዓለምጸሃይ ነበረች፤ ሁለት ሱቅ አለፍ ብላ ቦርሳና ሻንጣ የምትቸረችር ጎረቤቷ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት እየጠረገ ገባች።

«ሰምተሻል? ሽቶው፣ ጫማው፣ መኪናው፣ ቦርሳው ሳይቀር የውጭ ምንዛሪ አይፈቀድለትም ተባለ። አለቀልን!»

«አለቀልን አትበዪ» አለች ረይሀና ክርኗን ባንኮኒው ላይ እንደተከለች። «አለቀለት በይ።»

«ለማን?»

የረይሀና ሳቅ አልቆመም፤ ዓለምጸሃይ ደንግጣ አማትባ ወጣች።

በዚያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ ቦርሳ ማለት አጥናፉ ማለት ነበር። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለ ሁለት በር መደብር ነበረው። ከቻይና በኮንቴይነር እያስመጣ ለከተማው ቸርቻሪ ሁሉ ያከፋፍላል። ረይሀናም ሃያ ዓመት ሙሉ «ጋሼ አጥናፉ» እያለች፣ አንቱ እያለች፣ ከእጁ ተረክባ ሸጣለች። ሌላ እንጀራ አልነበራትም። ሰው ሲያያቸው ቤተሰብ ይመስሉታል። አጥናፉም ራሱ ቤተሰብ ናት ብሎ ያምን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ ከአቡበከር ነው። አቡበከር በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ ፒያሳ አንድ አርመናዊ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ሥራ ገባ። ያኔ የደህና ሰው ሻንጣ የሚመጣው በመርከብ ነበር። የሱዌዝ ቦይ በጦርነት ተዘግቶ ዕቃ ሲጠፋ፣ ጎረቤት ነጋዴዎች ዛሬ ነገ ይከፈታል እያሉ ባዶ መደርደሪያ ይዘው ተቀመጡ። አርመናዊው ግን አልተቀመጠም። ከሞጆ ቆዳ አምጥቶ፣ ያንኑ ይመጣ የነበረውን የአውሮፓ ሻንጣ በገዛ እጁ እየሰፋ ሱቁን ሞላው። «ባሕር ሲዘጋ እጅህን ክፈት» ይለው ነበር አቡበከርን፣ በተሰባበረ አማርኛው።

ደርግ መጣና አርመናዊው አገር ለቆ ሲሄድ የስፌት መኪናዎቹን ለአቡበከር ተወለት። የውጭ ዕቃ እንደገና ጠፋ፤ ቆዳውም ለመንግሥት ፋብሪካ ሆነ፤ ዚፕ የሚባል ለመድኃኒትም አይገኝም። አቡበከር ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ የተማሪ ቦርሳ መስፋት ጀመረ። በዚፕ ፈንታ ክዳን አበጀላት፤ ክዳኑን በበሬ ቀንድ ቁልፍ አሰረው። ማንገቻዋ ሥር ሦስት ቀይ ስፌት ያሳርፍባታል፤ ፊርማው መሆኑ ነው። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ደብተሩን የሚይዘው በእሷ ነበር። ቦርሳ ብሎ የሚጠራትም አልነበረም፤ «አቡበከር» ነው የሚሏት። «አቡበከርህን አውሰኝ» ይባባላሉ ተማሪዎቹ።

አጥናፉ የአቡበከር ሻጭ ነበር። አፉ ቅቤ የሚያቀልጥ፣ ደንበኛ የማያመልጠው ጎረምሳ። ሚስት ሲያጭም ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት አቡበከር ነው። መንግሥት ተለውጦ ገበያው ሲለቀቅ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ አቡበከርም አልከፋውም። በ1993 ዓ.ም. ግን አጥናፉ ወደ ቻይና ሊጓዝ ተነሣና ሊሰናበት መጣ።

«ጋሽ አቡበከር፣ ለመንገድ አንዲት ቦርሳ ይስጡኝ» አለ።

አቡበከር ከተሰቀሉት ሁሉ ጥሩዋን መርጦ አወረደለት። መርቆም ሸኘው።

አጥናፉ በዓመቱ ያቺኑ ቦርሳ በኮንቴይነር አባዝቶ ተመለሰ። ሸራዋ ወንፊት፣ ቀንዷ ፕላስቲክ፣ ሦስቱ ቀይ ስፌቶች ግን ቁጭ! አቡበከር ከሚሸጥበት በግማሽ አወረደና፣ አዟሪ ቀጥሮ እዚያው አቡበከር ደጅ ላይ አቆመ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ረይሀና ንግድ ነው ብላ ትተወው ይሆናል። ቦርሳዎቹ ግን ክረምቱን ሳይወጡ ይቀደዱ ጀመር። ባለቤቶቹ የተቀደደውን ይዘው የሚመጡት ወደ አቡበከር ነው።

«ምን ነካዎት ጋሽ አቡበከር? ድሮ እንዲህ አልነበሩም እኮ!»

የኔ ሥራ አይደለም ቢል ማን ይስማው? ምልክቱ የእሱ ነው። መከራከር ሲሰለቸው እየተቀበለ ይሰፋ ጀመር፣ በነጻ። ረይሀና ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። አባቷ ጎንበስ ብሎ የሰው ውራጅ ሲጠግን ማየት አንገበገባት።

«አባባ፣ የሌላ ሰው ጥፋት ለምን ትሰፋለህ?»

«ስሜ ነው ልጄ» አላት ቀና ሳይል። «ስሜን ነው የምሰፋው።»

እንደዚያ ሲሰፋ ኖሮ ሞተ። ለቅሶው ላይ አጥናፉ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። «አባቴ ነበሩ» አለ ደረቱን እየደቃ። ረይሀና ከአርባው በኋላ የአባቷን ሱቅ ከአጥናፉ በተረከበችው ቦርሳ ሞልታ፣ የስፌት መኪናዎቹን ሠራተኛ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓዳ አስገብታ ሸፈነቻቸው። በየጊዜው እየገለጠች ዘይት ታጠጣቸዋለች። እናቷ ኡሙሰልማ «የማይሠራ መኪና ለማን ነው የምትቀቢው?» ስትላት «ለቀኑ» ትላት ነበር።

ቀኑም ይኸው መጣ።

ፒያሳ እንደየጠባዩ ተንጫጫ። ገሚሱ ዱባይ እየተመላለሰ በሻንጣ ማስገባት ጀመረ። ገሚሱ ከሞያሌ በኩል ወደሚመጣ ኮንትሮባንድ ዞረ፤ መንገድ ላይ የተወረሰበትም አለ። አንዱ ቦርሳውን ትቶ በርበሬ ነጋዴ ሆነ። አጥናፉ ግን ሁሉንም ሲያጣጥል ሰነበተና መጋዘኑን ቆለፈ። ቃሊቲ አካባቢ በቆርቆሮ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ከእገዳው በፊት የገባ ቦርሳና ካርቶን ካርቶን ዚፕ ነበረው። ለመስከረም፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በፈለገው ዋጋ ሊያወጣው ነው።

አንድ ቀን ረይሀና ሱቅ ጎራ አለ። ስልሳን አልፏል፤ ኮቱ ግን እንደ ሙሽራ ነው።

«ረይሀናዬ፣ ያለሽን ዕቃ አትሽጪ፤ ደብቂው። ይቺ ሰርግ ናት የመጣችልን!»

«ዚፕስ ጋሼ? ዚፕ ይሸጡልኛል?»

«ዚፕ ምን ያደርግልሻል?»

«የአባባን መኪናዎች ላስነሣ አስቤ።»

አጥናፉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቀነስ አድርጎ አሰበበት። «ለእኔ ስፊልኛ! ዚፑ ከእኔ፣ ጉልበቱ ካንቺ። የእኔን ማርክ እንለጥፍበታለን። ለሌላ ሰው ግን አንዲት ዚፕ አልሸጥም፤ ልፍስፍሱ ሁሉ ቦርሳ ሰፊ ነኝ ብሎ ገበያዬን እንዲያበላሽ?»

«ላስብበት» አለችው አንገቷን ሰበር አድርጋ። አንገቷን የሰበረችው ዓይኗን እንዳያየው ነው።

በማግስቱ ደብሪቱን አስጠራቻት። ደብሪቱ የአቡበከር ሰፊ ነበረች፤ ስፌቱ ሲቆም የጋቢ ጫፍ እየቋጨች ነበር የምትኖረው። ሁለቱ ጓዳ ገብተው መኪናዎቹን ገለጡ። ረይሀና ከሱቋ መደርደሪያ ያወረደቻትን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና በምላጭ ስፌቷን ትፈታ ጀመር።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች ደብሪቱ።

«ካምፓስ የሚሏት ናት። የጋሼ አጥናፉ ዋና ገበያ።»

«ኧረ የአባትሽን እንሥራ! የአቡበከር ስፌት እያለ የቻይና እንቅዳ?»

«የአባቴን ወስዶ አይደል? እኔም የእሱን እወስዳለሁ። ምን ምን እንደሚል ይቅመሰው።»

ደብሪቱ መነጽሯን አወጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

ሸራው ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ተገኘ፤ ማንገቻው ከሞጆ ቆዳ። ዚፕ የለም። ረይሀና የአባቷን ክዳን ለካምፓስ አለበሰቻትና ቀንድ ከሚሠሩ ሰዎች ቁልፍ አስቀረጸች። ማንገቻው ሥር ሦስት ቀይ ስፌት አረፈ። ሌሎች ሴቶችም ተጨመሩ፤ ክረምቱ ሙሉ ግቢው በስፌት መኪና ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ኡሙሰልማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ክር እየቆረጠች «ለምን እንደምትሠሪ አውቃለሁ» አለቻት ልጇን። «አባትሽ እኮ አልረገመውም።»

«እሱ አልረገመም። እኔ ግን የእሱ ልጅ ብቻ አይደለሁም እማ፤ ያንቺም ነኝ።»

አሮጊቷ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ ቀደማት።

ጳጉሜ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ ለትምህርት ዕቃ ፒያሳን ሲያጥለቀልቅ፣ አጥናፉ መጋዘኑን ሊከፍት በተዘጋጀበት ሳምንት፣ ረይሀና አዟሪዎቿን አሰማራች። የትም አልበተነቻቸውም። ሁሉንም አጥናፉ ደጅ ላይ፣ በሁለቱ በሮች መሐል አቆመቻቸው። ራሷም ሻሿን አጥብቃ አስራ መሐላቸው ቆመች። የምትሸጠው ወጪዋን ብቻ በሚሸፍን ዋጋ ነው፤ ትርፉን ከሌላ ቦታ ነው የምታገኘው።

ሰው ተጋፋ። «ካምፓስ ናት እንዴ?» «ካምፓስማ አይደለችም፤ ጎትታት እስቲ!» «ቀንድ ነው እኮ ቁልፏ!» አንድ ሽማግሌ መምህር ቀዩን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱና «አቡበከር ተነሣ እንዴ?» አሉ።

አጥናፉ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። አንዷን ቦርሳ ነጥቆ አገላበጣት።

«ረይሀና! ምንድን ነው ይሄ?»

«ቦርሳ።»

«የኔ ሞዴል ነው! ከየት አመጣሽው?»

«ለመንገድ አንዲት ሰጥተውኝ ነበር» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። ረስቶት የኖረው ነገር በአንድ ጊዜ እንደተመለሰለት ረይሀና አየች። ያቺን ፊት ለማየት ሃያ ዓመት ጠብቃለች፤ አሁን ዓይኗን አልሰበረችም።

«እንጀራዬን በደጄ? ነግ በኔ አይባልም?»

«አንተስ ብለህ ነበር?»

አንተ አለችው። በዕድሜ ዘመኗ ከጋሼ ሌላ ብላው አታውቅም፤ አሁንም አልሰደበችውም፤ ያቺ አንዲት «አንተ» ግን በአዟሪዎቹም፣ በገዢውም፣ በሊስትሮዎቹም ጆሮ ገባች። አጥናፉ ቦርሳዋን ጥሎ ተመለሰ። ረይሀና አነሣቻት፤ አራገፈቻትና ሸጠቻት።

አጥናፉ ሞዴሌን ሰረቀችኝ ብሎ ሊከስ ሄዶ ነበር። ጉዳዩን የያዘው ሰው ሞዴሉ በስምዎ ተመዝግቧል ወይ ሲለው አልተመዘገበም። ማን ፈለሰፈው ሲለው ደግሞ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ፒያሳ ደረሰ። የአራዳ ልጅ መቼ ያልፋል፣ «ሌባ ሌባን ከሰሰ፣ ዳኛው ቦርሳውን ያዘ» እያለ ሲያላግጥ ሰነበተ።

ቸኩሎ መጋዘኑን ሲከፍት የባሰ ጠበቀው። ከቦርሳዎቹ ብዙዎቹ ቆዳ መሳይ ላስቲክ ናቸው፤ ከገቡ የቆዩም ነበሩባቸው። በቆርቆሮ ሙቀትና በክረምት እርጥበት ተቀቅለው ከርመዋል። ሲታዩ ደህና ናቸው፤ የተማሪ ጀርባ ላይ ወር ሲቆዩ ግን እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣሉ። ገዢው እየተመለሰ መደብሩን ሞላው። ረይሀና ሱቋን ለደብሪቱ ሰጥታ እየመጣች፣ ፊት ለፊት ካለው ካፌ በር ላይ ማኪያቶዋን ይዛ ታያለች። እናቶች የተላጠውን ቦርሳ ባንኮኒው ላይ ሲወረውሩበት፣ እሱ ሲምል ሲገዘት። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ትቆማለች። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም ትል ነበር፤ ስኳር ግን አትጨምርም።

ያልጠበቀችው አንድ ነገር ብቻ ገጠማት። ዓለምጸሃይ አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። ከአጥናፉ ተረክባ የሸጠችው ቦርሳ ተመልሶባታል፤ የቀረውን ደግሞ የረይሀናን ዋጋ ያየ ሁሉ አልገዛ ብሏታል።

«ለእሱ ያነደድሽው እሳት እኔን ለበለበኝ» አለቻት። «እኔ ምን አደረግሁሽ?»

ረይሀና በበቀል ሰክራ ከአጥናፉ በታች ማን እንደቆመ አላየችም ነበር። ያን ቀን ሱቋን ቀድማ ዘግታ ከዓለምጸሃይ ጋር ሠራተኛ ሰፈር ወረደች፤ ከተሰፋው ሁሉ መጀመሪያ የሚወጣው ለዓለምጸሃይና ለመሰሎቿ እንዲሆን አደረገች። ከአጥናፉ ይረከቡ የነበሩ ቸርቻሪዎች አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ይህም ራሱ አጥናፉን ገዘገዘው፤ እሷ ግን ለዚህ አንዴ ያንን ብላ አልነበረም።

በ2016 መጋቢት ፒያሳ ፈረሰች። የአጥናፉ መደብርም፣ የረይሀና ሱቅም በአንድ ሰሞን ከመሬት ተደባለቁ። አባቷ የቆመበትን ወለል ማሽን ሲያነሣው ረይሀና አስፋልት ላይ ተቀምጣ አነባች። አጥናፉ ከማዶ ቆሞ ነበር፤ ተያዩ፤ አንዳቸውም ወደ ሌላው አልተሻገሩም። ሠራተኛ ሰፈር ያለው ቤት ግን ተረፈ፤ ሥራው አልቆመም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ እገዳው ተነሣ። አጥናፉ ነፍስ ዘራ፤ ቻይና ደወለ። ግን ዶላሩ በገበያ እንዲወሰን ተብሎ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። በዚያ ዋጋ የሚገባ የተማሪ ቦርሳ ገበያ ደርሶ የሚገዛው የለም። በሩ ተከፍቶ ደፉ ከፍ አለበት። ያን ጊዜ ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ካሣሁን ነበሩ፤ የአቡበከርም የአጥናፉም የድሮ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው።

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሏት። «ሰውየው ደክሟል። ከአንቺ ተረክቤ ልሽጥ ነው የሚለው። እርቅ አውርዱ።»

«እታረቃለሁ ጋሼ። ከፍርስራሹ የተረፈው፣ ነጋዴ ሁሉ ጠዋት ማኪያቶ የሚጠጣበት ካፌ ይምጣ። የአባቴን ቦርሳ ማን እንደሰረቀ በአፉ ይናገር።»

«ይሄ ማዋረድ ነው።»

«አዎ» አለች ረይሀና።

አጥናፉ መጣ። ካፌው ወሬውን ሰምቶ ጢም ብሏል። ኮቱ ያው ነው፤ ትከሻው ግን አልሞላውም። ባንኮኒውን ይዞ መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልተሰማም» አለች ረይሀና።

«የጋሽ አቡበከርን ቦርሳ…» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለመንገድ ሰጥተውኝ ቻይና አስቀዳሁት። ምልክታቸውንም ጭምር። የተቀደደውን እሳቸው ሲሰፉ አውቅ ነበር። በደጃቸው እያየሁ አልፍ ነበር።»

የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቀውም። ጋሽ ካሣሁን በይቅርታ ልጨርሰው ብለው የረይሀናን እጅ ያዙ፣ ከአጥናፉ እጅ ሊያገናኙት። ረይሀና እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ቦርሳዬን ግን አይሸጥም።»

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። ቃሏን በላች ያሉ አሉ፤ አበጀች ያሉም አሉ። ጋሽ ካሣሁን ወራት አኮረፏት፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አመማት፣ ግን አልተመለሰችም። እያየና እያወቀ ያለፈን ሰው ይቅር የምትልበት ልብ ፈልጋ አጣች። ሞክሪ ሲሏትም «ያላወቀ ቢሆን ኖሮ እኮ…» ትልና ትተወዋለች።

ዛሬ ግቢው ጠብቦ የጎረቤት ቤት ተከራይተዋል። ቦርሳዋ ከአዲስ አበባ አልፋ ወልቂጤና ሆሳዕና ትወርዳለች። ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ያዝዛሉ። ዚፕ እንደ ልብ ቢገኝም ገዢው ቀንዱን ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ሰሞን ደብሪቱ ከመርካቶ ክር ገዝታ ስትመለስ፣ ገና በሩ ላይ እንዳለች «አጥናፉን አየሁት» አለች። «ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ጃንጥላ ነው የሚያስመጣው።»

ረይሀና የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«ይሸጥለታል?»

«ክረምቱ እየገባ አይደል! ሰው ተሰልፎለት ነው ያየሁት።»

ኡሙሰልማ ከደጃፉ ላይ «ተይው፣ በአላህ!» አለች። ረይሀና የሰማች አልመሰለችም። ከግድግዳው ላይ ሻሿን አውርዳ እያሰረች ወደ ደብሪቱ ዞረች።

«ለመሆኑ ጃንጥላ እንዴት ነው የሚሰፋው?»